ሲቋረጥ ወዴት ይሄዳል? የአንዲት ቫልቭ ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው የያዝኩላችሁ፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት አልጽፍም። የዛሬው ታሪክ በእጅ መዳፍ ላይ ስለምትቀመጥ አንዲት ብረት ነው።

ቴክኒክና ሙያ ተምራችሁ ዛሬ በብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ በጋራዥና በፋብሪካ የምትሠሩ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ቲቸር፣ ለሲሊንደር የትኛውን ቫልቭ ልግዛ? ባለ አንድ ኮይሉን ወይስ ባለ ሁለቱን? መሐል ላይ የሚቆመውን ወይስ የማይቆመውን?» ትላላችሁ። በአንድ መስመር መመለስ ይቻላል። ግን መልሱ ከየት እንደመጣ ያወቀ ሰው አይረሳውም። ደግሞ ይሄ ጥያቄ ዝም ብሎ የዕቃ ግዢ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ፤ የብዙ ሰው ነፍስ ያለፈበት ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ለማያውቁት ላስረዳ። ገልባጭ መኪና አሸዋ ሲደፋ ከካሶኒው ስር እየረዘመ የሚወጣውን ክብ ብረት አይታችሁታል አይደል? እሱ ሲሊንደር ነው። ውስጡ ፒስተን አለ። ግፊት ያለው ዘይት ወይም የታመቀ አየር በአንድ ወገን ሲገባ ፒስተኑ ይወጣል፤ በሌላው ወገን ሲገባ ይመለሳል። ሲሊንደሩ ጡንቻ ነው፣ በራሱ አይወስንም። ዘይቱ ወይም አየሩ በየት ይግባ፣ በየት ይውጣ ብሎ የሚያዘው አቅጣጫ መሪው ቫልቭ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ትራፊክ ፖሊስ ቁጠሩት። ታዲያ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ትራፊኩ በድንገት ራሱን ስቶ ቢወድቅ መኪኖቹ ወዴት ይሄዳሉ?

የሰው ልጅ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል።

ገመድ ያሰረው ልጅ

በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የተባለ እንግሊዛዊ ዱድሊ በሚባል አካባቢ ከከሰል ጉድጓድ ውሃ የሚስብ የእንፋሎት ሞተር ተከለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሲሊንደሩ በእንፋሎት ይሞላል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል፤ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲለወጥ ውስጡ ባዶ ይሆንና የውጪው አየር ፒስተኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ይሄ እንዲሆን አንዱ ቫልቭ ሲከፈት ሌላው መዘጋት አለበት፤ ያውም በየምቱ፣ ቀኑን ሙሉ።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ወሬ አለ። ቫልቮቹን በእጁ እንዲከፍትና እንዲዘጋ የተቀጠረ አንድ ልጅ ነበር ይባላል። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር መጫወት አማረውና የቫልቩን እጀታ ከሞተሩ ተንቀሳቃሽ ክፍል ጋር በገመድ አሰረው። ሞተሩ ራሱ ቫልቩን መክፈትና መዝጋት ጀመረ፤ ልጁም ጨዋታው ላይ ዋለ። የኢኮኖሚክሱ ሊቅ አዳም ስሚዝ እንኳ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን ልጅ ስሙን ሳይጠቅስ አንስቶታል። የታሪክ አጥኚዎች ግን ወሬው ተረት ሳይሆን አይቀርም ብለው ይጠራጠራሉ። ተረትም ይሁን እውነት ሐሳቡን ያዙልኝ፦ ቫልቭን የሰው እጅ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ራሱም ሊያዘው ይችላል። ገመዱ ቢበጠስስ ብሎ የጠየቀ ግን በወሬው ውስጥ የለም።

እጅ ከቫልቩ አጠገብ በነበረበት ዘመን

በ1795 ጆሴፍ ብራማ የተባለ ቁልፍ ሠሪ በውሃ ግፊት የሚሠራ መጭመቂያ ማሽን በስሙ አስመዘገበ። ትንሽ ፒስተን በትንሽ ጉልበት ሲገፋ ትልቁ ፒስተን በብዙ እጥፍ ጉልበት ይነሣል። ፊዚክስ ክፍል የፓስካል ሕግ ብለን የተማርነው ነው። ብራማን ያስቸገረው የጎሚኒ ጉዳይ ነበር፤ ውሃው በፒስተኑ ዙሪያ እየሾለከ አስቸገረ። አብሮት ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሌይ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ራሱን የሚያጠብቅ የቆዳ ቀለበት ሠርቶ ችግሩን ፈታ ይባላል። የዛሬው የሲሊንደር ጎሚኒ የዚያ የቆዳ ቀለበት የልጅ ልጅ ነው።

ከዚያ ዊልያም አርምስትሮንግ መጣ። ሙያው ጥብቅና ነበር፤ ልቡ ግን ማሽን ላይ ነው። በ1846 ኒውካስል ወደብ ላይ በከተማው የቧንቧ ውሃ ግፊት ዕቃ የሚያነሣ ክሬን አቆመ። በኋላ ውሃውን በከባድ ክብደት ስር እያመቀ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ጨመረበት። የለንደኑ ታወር ብሪጅ በ1894 ሲመረቅ የሚከፈቱትን ሁለት ክንፎቹን ያነሣ የነበረው በዚሁ ዘዴ የታመቀ ውሃ ነው። እስከ 1976 ድረስም በውሃ ነው የሠራው፤ ከዚያ ወዲህ በዘይትና በኤሌክትሪክ ሆነ። ለንደን ውስጥ ግፊት ያለው ውሃ እንደ መብራት በቆጣሪ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። ከ1883 ጀምሮ እስከ 1977 ሠርቷል፤ በከተማው ስር የዘረጋው ቱቦ በደህናው ዘመኑ ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። የሆቴል ሊፍት፣ የቲያትር መጋረጃ፣ የወደብ ክሬን ሁሉ በእሱ ይነሣ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክሬኑን የሚያሠራው ሰው ዓይኑ ጭነቱ ላይ፣ እጁ ቫልቩ ላይ ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ ቢያንስ ያያል፣ ይጮኻል፣ ይዘጋል። መከራው የመጣው ሲሊንደሩ ከሰው እጅ ሲርቅ ነው። ሲሊንደሩን ያራቀው ደግሞ ባቡር ነው።

የ22 ዓመቱ ወጣት

በ1860ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባቡር የሚቆመው እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ? ሾፌሩ ፊሽካ ይነፋል። የፍሬን ሠራተኞች በዝናብም በበረዶም በፉርጎዎቹ ጣሪያ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ የእያንዳንዱን ፉርጎ ፍሬን በእጅ ያጠብቃሉ። እየወደቁ የሞቱትና አካላቸውን ያጡት ብዙ ናቸው። ባቡሩም ቶሎ አይቆምም።

ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1846 የተወለደ ልጅ ነው። በአልፕስ ተራራ ውስጥ ዋሻ ለመቦርቦር የታመቀ አየር በረጅም ቱቦ እየተላከ ድንጋይ እንደሚበሳ አነበበ። አየር ይህን ያህል ተጉዞ ድንጋይ ከበሳ ባቡርስ ለምን አያቆምም አለ። በሚያዝያ 1869 ገና በ22 ዓመቱ የአየር ፍሬኑን በስሙ አስመዘገበ።

የመጀመሪያው አሠራር ማንኛችንም ብንሆን የምናስበው ዓይነት ነው። ባቡሩ ጭንቅላት ላይ ኮምፕሬሰርና የአየር ጋን አለ። ከእሱ አንድ ቱቦ እስከ ባቡሩ ጭራ ይዘልቃል፤ በእያንዳንዱ ፉርጎ ስር አንድ ሲሊንደር አለ። ሾፌሩ ቫልቭ ሲከፍት አየር ይሄድና ሲሊንደሮቹን ይገፋል፣ ፍሬን ይይዛል። ቫልቩን ወደ ሌላ ሲያዞረው አየሩ ይወጣል፣ ፍሬን ይለቃል። ዛሬ በቋንቋችን ባለ ሦስት ቀዳዳ ቫልቭ የምንለው ነው። ሠራ፤ ሰውም ተደነቀ።

ግን አንድ ቱቦ ቢበጠስስ? ፉርጎ ተበጥሶ ወደ ኋላ ቢቀርስ? አየሩ በተበጠሰው ቀዳዳ ይወጣል፣ ባቡሩ በሙሉ ያለ ፍሬን ይቀራል። ፍሬን በጣም በሚያስፈልግበት በዚያች ደቂቃ ፍሬን የለም ማለት ነው።

ነገሩን የገለበጠችው ቫልቭ

ዌስቲንግሃውስ በ1872 ያመጣው መፍትሔ በእኔ አስተያየት በማሽን ታሪክ ውስጥ ከታሰቡት ሐሳቦች አንዱና ትልቁ ነው። ተረጋግታችሁ ተከተሉኝ።

በእያንዳንዱ ፉርጎ ስር የራሱን ትንሽ የአየር ጋን አስቀመጠ። በጋኑ፣ በሲሊንደሩና በረጅሙ ቱቦ መካከል አንዲት ቫልቭ አቆመ። ስሟ «ትሪፕል ቫልቭ» ነው፤ ሦስት ሥራ ስላላት። ረጅሙ ቱቦ ሁልጊዜ በአየር የተሞላ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ሲል ቫልቯ ትንሿን ጋን ትሞላለች፣ የሲሊንደሩን አየር ደግሞ ወደ ውጪ ትለቃለች፤ ፍሬኑ ይለቃል። የቱቦው ግፊት ሲወርድ ቫልቯ ትገለበጥና የትንሿን ጋን አየር ወደ ሲሊንደሩ ታስገባለች፤ ፍሬን ይይዛል። ሾፌሩ ለማቆም ሲፈልግ አየር አይልክም፤ አየር ይቀንሳል።

አያችሁት? በፊት «አየር ሲመጣ ያዝ» ነበር ትእዛዙ፤ አሁን «አየር ሲጠፋ ያዝ» ሆነ። ቱቦ ቢበጠስ፣ ፉርጎ ቢገነጠል፣ አየሩ ይወጣል፤ አየሩ ሲወጣ እያንዳንዱ ፉርጎ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ያቆማል። ብልሽቱ ራሱ የማቆሚያ ትእዛዝ ሆነ ማለት ነው። ቫልቩን ሲመርጥ መጀመሪያ የጠየቀው «ሲሠራ እንዴት ይሠራል?» ብሎ ሳይሆን «ሲቋረጥ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ነው።

ይህም ሆኖ ነገሩ ወዲያው ፍጹም አልሆነም። በ1886 እና 1887 አዮዋ ግዛት፣ በርሊንግተን ላይ ረጃጅም የጭነት ባቡሮች ላይ ሙከራ ተደረገ። ባቡሩ 50 ፉርጎ ሲሆን የግፊቱ መውረድ ከፊት እስከ ኋላ ለመድረስ ጊዜ ወሰደ። የፊቶቹ ሲይዙ የኋላዎቹ ገና እየሮጡ ነበርና ከኋላ መጥተው ይላተሙ ጀመር። ዌስቲንግሃውስ ተመልሶ እያንዳንዷ ቫልቭ የቱቦውን አየር እዚያው በራሷ እንድታወጣ አድርጎ አሻሻላት፤ እንደ ሰደድ እሳት አንዷ ለሌላዋ ትእዛዙን ታቀብላለች። ልጆች፣ ይሄም ትምህርት አለው፦ ትክክለኛ ዓይነት ቫልቭ መርጦ ፍጥነቱ ሳይበቃ ቢቀር ዋጋ የለውም።

አርማ፣ ሰኔ 12 ቀን 1889

አሁን አትላንቲክን ተሻግረን አየርላንድ እንሂድ። ትሪፕል ቫልቭ ከመጣች 17 ዓመት ሆኗል። በብሪታኒያና በአየርላንድ ብዙ ኩባንያዎች ግን ሲቋረጥ ራሱን የሚይዝ ፍሬን ለማስገባት አልቸኮሉም። አንዳንዶቹ በታመቀ አየር ፈንታ ባዶ አየር፣ ማለትም ቫኪዩም ይጠቀሙ ነበር። ቫኪዩምም ሁለት ዓይነት ነበረው። አንዱ ቱቦው ሲቋረጥ የሚይዝ፣ አንዱ ቱቦው ሲቋረጥ የሚለቅ።

የዚያን ቀን ከአርማ ከተማ ወደ ባሕር ዳርቻ ሽርሽር የሚሄዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ቤተሰቦች የጫነ ባቡር ተነሣ። ወደ 940 ሰው ገደማ፣ 15 ፉርጎ። ፍሬኑ የሚለቀው ዓይነት ነበር። ዳገቱ ላይ ሞተሩ አቃተውና ባቡሩ ቆመ። ሠራተኞቹ መክረው ባቡሩን ለሁለት ሊከፍሉት ወሰኑ፤ የፊተኛውን አድርሰው ተመልሰው የኋለኛውን ሊወስዱ። ቱቦው ሲፈታ የኋለኞቹ 10 ፉርጎዎች የቀራቸው የመጨረሻው ፉርጎ የእጅ ፍሬንና ከጎማው ስር የተወሸቀ ድንጋይ ብቻ ሆነ። የኛ አገር ረዳት ታኮ እንደሚያደርገው መሆኑ ነው።

የፊተኛው ክፍል ሊነሣ ሲል ትንሽ ወደ ኋላ ሄደና የኋለኞቹን ነካቸው። ድንጋዩ አልቻለም። 10 ፉርጎ ሕዝብ ወደ ቁልቁለቱ መንከባለል ጀመረ። በሮቹ ተቆልፈው ነበር። ከኋላ በዚያው ሐዲድ ሌላ ባቡር እየመጣ ነበር፤ ተጋጩ። 80 ሰው ሞተ፤ ብዙ ሕፃናት ነበሩበት።

እንግዲህ አስቡት። ያን ቀን ቱቦው ሲፈታ የሚይዝ ቫልቭ ቢኖር ኖሮ እነዚያ ፉርጎዎች ከቆሙበት ንቅንቅ አይሉም ነበር። እውቀቱ ነበር፤ ብረቱም ገበያ ላይ ነበር። የጎደለው ምርጫው ነው። የብሪታኒያ ፓርላማ ሦስት ወር ሳይሞላ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ፤ የመንገደኛ ባቡሮች ሁሉ ሲቋረጥ ራሱን የሚይዝ ፍሬን እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። አሜሪካም በ1893 በባቡሮች ላይ የአየር ፍሬን የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

ዓባይ በረሃ ላይ ያለው ዌስቲንግሃውስ

«ይሄ የፈረንጅ ባቡር ታሪክ ለኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ዓባይ በረሃን ወይም ጣርማ በርን በከባድ መኪና የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ። የከባድ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው በአየር አይደለም፤ በኃይለኛ ሞላ ነው። የአየሩ ሥራ ሞላውን ወደ ኋላ ገፍቶ ፍሬኑን ማስለቀቅ ነው። ጠዋት ሞተር ተነሥቶ አየር እስኪሞላ መኪናው የማይንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። አየሩ ካለቀ ሞላው ይመጣና ይይዛል። ተሳቢውም እንዲሁ ነው፤ ቀዩ ሆስ ከተነቀለ ተሳቢው ራሱን ይይዛል። የ1872ቱ ሐሳብ መኪና ላይ ወጥቶ ዛሬም ቁልቁለታችንን ይወርዳል።

እርግጥ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ወርዶ ሸራው ለጋለበት ሰው ቫልቭ አያድነውም። ያ የማርሽና የአነዳድ ጉዳይ ነው። ሌላ አንድ ነገር ግን ልናገር። አየር የሚያፈስ መኪና እንዳይቆም ብሎ ሞላውን በብሎን አስሮ መንዳት አለ። ብሎኑ የተሠራው ለጥገናና ለመጎተት ነው። በብሎን አስሮ ጭነት ይዞ መውረድ ግን 1872ን ወደ 1869 መመለስ ነው። አየሩ ሲያልቅ የሚይዝ ነገር የለም። ይህን የምታደርጉ፣ ስታደርጉም የምታዩ ካላችሁ፣ አርማን አስቡ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ውሃው በዘይት ተተካ። በ1906 ቨርጂኒያ በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ መድፎቹን የሚያንቀሳቅስ የዘይት ሲስተም ተገጠመ። ዘይት ብረት አያዝግም፣ ራሱ ቅባት ነው፣ እንደ ውሃም በረዶ አይሆንም። ቫልቩም ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ፦ በጉድጓድ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት፣ ወገቡ የተሰረጎደ በትር። «ስፑል» የምንለው ነው።

ቁጥሩ አያስፈራችሁ። 5/2 ሲባል የመጀመሪያው የቀዳዳው ብዛት፣ ሁለተኛው የአቋቋሙ ብዛት ነው። በአንድ ወገን ብቻ ተገፍቶ በሞላ ለሚመለስ ሲሊንደር 3/2 ይበቃል። በሁለቱም ወገን ለሚገፋ የአየር ሲሊንደር 5/2 ወይም 5/3፣ ለዘይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 4/3። የአየሩ አንድ ቀዳዳ የሚበልጠው የተጠቀምንበትን አየር በሁለት ቀዳዳ ወደ ውጪ ስለምንለቀው ነው፤ ዘይት ግን አይደፋም፣ በአንድ መንገድ ወደ ጋኑ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ዌስቲንግሃውስን ሁኑና ጠይቁ።

1ኛ) መብራት ቢጠፋስ? እኛ አገር ይሄ የፈተና ጥያቄ አይደለም፣ የማክሰኞ ጉዳይ ነው። ባለ አንድ ኮይል ቫልቭ ባለ ሞላ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሞላው ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ባለ ሁለት ኮይል ባለ ሁለት አቋቋሙ ግን በመጨረሻ የታዘዘበት ቦታ ላይ ይቀራል። እጅ የሚገባበት መጭመቂያ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ወደ ላይ ቢመለስ ይሻላል፤ ባለ ሞላውን ምረጡ። በድሪል የሚበሳ ብረት አጥብቆ የያዘ ሲሊንደር ከሆነ ግን መብራት ጠፋ ብሎ መልቀቅ የለበትም፤ ድሪሉ ገና እየተሽከረከረ ነውና ብረቱን ያስፈነጥረዋል። እዚህ ባለ ሁለት ኮይሉ ይሻላል። አንድ መልስ ለሁሉም አይሆንም፤ ጥያቄው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

2ኛ) አየሩ ራሱ ቢጠፋስ? ቫልቩ ቦታውን ይዞ ቢቀርም የሚገፋ አየር ከሌለ ሲሊንደሩ ይላላል። እንደ ፉርጎዋ ትንሽ ጋን ከአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ጋር መጨመር ያስፈልግ ይሆናል። በተቃራኒው ኮምፕሬሰር ጠፋ ማለት ቱቦ ውስጥ አየር የለም ማለት አይደለም። ከመንካታችሁ በፊት አየሩን አስወጡ።

3ኛ) መሐሉ ምን ዓይነት ነው? በ4/3 የዘይት ቫልቭ ላይ ማንም ሳይነካው ስፑሉ መሐል ይቆማል። ሁሉም ቀዳዳ የተዘጋበት አለ። ፓምፑ ዘይቱን በነፃ ወደ ጋን የሚመልስበትና ሲሊንደሩ የሚዘጋበት አለ፤ ይህ ሞተሩ በከንቱ እንዳይደክም፣ ዘይቱም እንዳይግል ይረዳል። የሲሊንደሩ ሁለት ወገን ወደ ጋን የሚከፈትበትም አለ። ከውጪ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ልዩነታቸው ቫልቩ ላይ በተለጠፈው ሥዕል ላይ ነው። ሥዕሉን ሳታነቡ አትግዙ።

4ኛ) የተንጠለጠለ ጭነት አለ? «ሁሉም ተዘግቷል» የሚለው መሐል ለዘላለም ይይዛል ብላችሁ እንዳትታለሉ። ስፑል እንዲንሸራተት ክፍተት ያስፈልገዋል፤ በክፍተቱ ዘይት ይሾልካል፤ ጭነቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲሊንደሩ ላይ የሚቆልፍ፣ በግፊት ትእዛዝ ብቻ የሚከፈት የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ጨምሩ። እሱ በደንብ እንዲዘጋ ደግሞ የዋናው ቫልቭ መሐል ሁለቱን የሲሊንደር መስመሮች ወደ ጋን የሚከፍተው ዓይነት ይሁን። ይህ ሁሉ ተደርጎም በተነሣ ካሶኒ ስር ያለ ብረት ድጋፍ አትግቡ። ይህንን እንደ መምህራችሁ ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድማችሁ ነው የምላችሁ።

5ኛ) ይበቃል ወይ? የቀዳዳው ስፋት ለሲሊንደሩ መጠንና ለሚፈለገው ፍጥነት ካነሰ በርሊንግተን ላይ የሆነው ይሆናል፤ ትእዛዙ ይደርሳል፣ ግን ዘግይቶ።

ሱቅ ገብታችሁ ሻጩ «ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ርካሽ ነው» ሲላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ሲቋረጥ ወዴት ይሄዳል?» መልስ ከሌለው ሥዕሉን ራሳችሁ አንብቡ። ማሽኑ በደህናው ቀን ሁሉም ቫልቭ ይሠራል። የምትገዙት ለክፉው ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ማሽኑ ፊት የሚቆመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገዢው ሳይሆን ተቀጥሮ የሚሠራው ልጅ ነው።

ከባድ መኪና የምትነዱ፣ ክሬንና ኤክስካቫተር የምታሠሩ ወዳጆቼ፣ አየር ወይም ዘይት ተቋርጦባችሁ ያያችሁትን በኮሜንት ጻፉልን፤ ልጆቹ ከእናንተ ይማራሉ። ወርክሾፕ ላለው ጓደኛችሁም አካፍሉት። ሰላም ዋሉልኝ።